ጋን፣ በርሜልና ኮሙናል፦ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጠላ

«ክራፍት ቢራ» ከውጭ የመጣ ስያሜ ሲሆን፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች በአንድ ወጥ ቀመር ከሚያመርቱት ቢራ በተለየ በአነስተኛ መጠን፣ በጠማቂው እጅና ምርጫ የሚዘጋጅ፣ በዚህም የተነሣ ጣዕሙ ከቤት ቤት፣ ከጥመቃ ጥመቃ የሚለያይ ቢራን ያመለክታል። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ቢራ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ቦሌ ይመራል፤ በዚያ የሚገኘው ጋርደን ብሮይ በጀርመኖች ስልት በራሱ ግቢ የሚጠምቃቸውን ሁለት ቢራዎች፣ ፈካ ያለውን «ብሎንዲ»ንና ጠቆር ያለውን «ኢቦኒ»ን፣ ይቀዳለታል። ትርጉሙ በቁም ነገር ከተወሰደ ግን ፍለጋው ወደ ደቡብ፣ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መዞሩ የማይቀር ነው። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በረንዳ፣ በላፍቶ ግቢዎች ጓሮ፣ በመካኒሳ የጽዋ ማኅበርተኞች ቤት የሚጠመቀው ጠላ የስያሜውን መስፈርት አንድ በአንድ ያሟላልና። የጎደለው ነገር ቢኖር ቀምሶ የሚጽፍለት ሰው ነው።

ጠላ ከቢራ ተለይቶ የሚታየው በልማድ እንጂ በአሠራሩ አይደለም። ቢራ ማለት በእህል ውስጥ ያለው ስታርች፣ ማለትም የዱቄትነት ባሕርይ የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ በብቅል ኢንዛይሞች ተሰባብሮ ወደ ስኳርነት ሲለወጥ፣ ስኳሩንም እርሾ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀይረው የሚገኝ መጠጥ ነው፤ ኢንዛይም የሚባለው ደግሞ እንዲህ ያለውን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ጠላ ይህንኑ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል፤ ጠጅ ግን ስኳሩን በቀጥታ ከማር ስለሚያገኝ ከቢራ ወገን አይቆጠርም። የአማርኛ ቋንቋም ቢሆን በሁለቱ መካከል አጥር አላጠረም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ሲመሠረት ለሥራው አዲስ ግስ መፍጠር አላስፈለገም፤ «ጠመቀ» የሚለው ቃል ከጋኑ አፍ ተነሥቶ ወደ ብረቱ ታንከር ተሻገረ። ይኸው የቃል ሥር «ጥምቀት»ንም የወለደ በመሆኑ፣ እህልን ውኃ ውስጥ መንከርና ሰውን ውኃ ውስጥ መንከር በአማርኛ ዘመዳሞች ናቸው።

የክፍለ ከተማው ስም እኩሌታው ከመሣሪያ፣ እኩሌታው ከዛፍ የተገኘ ነው። «ንፋስ ስልክ» የሚለው ያለ ሽቦ በአየር ላይ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ የመጣ ሲሆን፣ «ላፍቶ» በኦሮምኛ ግራርን ያመለክታል። አካባቢው ከተማ ከመሆኑ በፊት የኦሮሞ ገበሬዎች ማሳ ስለነበር፣ ጠላ በዚህ ምድር መጀመሪያ የተጠራው «ፈርሶ» በሚለው ስሙ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ለዛሬው የጠላ ሁኔታ ግን ከሁሉ የበለጠ ምክንያት የሆነው ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በከተማዋ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ነው። ቤቶቹ የተከፋፈሉት በዕጣ በመሆኑ፣ ዕጣ ደግሞ ወገንና ሰፈር የማይለይ በመሆኑ፣ በጀሞ በአንድ ደረጃ ላይ የጎንደርና የጎጃም፣ የሰላሌና የመንዝ፣ የጉራጌና የትግራይ ተወላጅ ጎረቤት ለጎረቤት ገጠሙ፤ ከእያንዳንዱ ጋር የእናቱ የጠላ አጠማመቅ አብሮ ገባ። ቀድሞ የጎንደርን ጠላ ከሰላሌው ጋር አስተያይቶ ለመቅመስ የቀናት መንገድ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ ሁለት ፎቅ ከመውጣት አይበልጥም። ይህን ያህል የጥመቃ ስልት በአንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበው አንድ የቢራ አዋቂ ሳይሆን የቤቶች ዕጣ መሆኑ ከተማዋ ሳታስበው ካደረገቻቸው መልካም ነገሮች አንዱ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል።

በዓል ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የጀሞ ግቢዎች ሽታ ይለወጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የወይራ ጢስ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ከታጠበ በኋላ፣ የሚጤስ የወይራ እንጨት ወይም ፍም አፉ ላይ ተይዞ፣ ወይም ጋኑ ራሱ በጢሱ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል፤ ይህም ሸክላው ካለፈው ጥመቃ የያዘውን ጎጂ ተሕዋስያን ከመቀነሱ ሌላ ለጠላው የጢስ ጣዕም ያወርሰዋል። በጀርመኗ የባምበርግ ከተማ በጢስ የደረቀ ብቅል የሚጠመቅበት ቢራ በዓለም ዙሪያ በአድናቆት የሚጠቀስ ሲሆን፣ በጀሞ ግን ይኸው ጢስ አንዳንድ ጊዜ የሚያስከትለው አድናቆት ሳይሆን ከላይኛው ፎቅ የሚወረወር ቅሬታ ነው። በዚህ ምክንያት ከባዱ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው ነዋሪዎች «ኮሙናል» በሚሉት የጋራ መገልገያ ቤት ነው፤ ይህም ለልብስ አጠባ፣ ለበግ ዕርድ፣ ለእንጀራ ጋገራና ለመሰል ሥራዎች በብሎኮቹ መካከል የተሠራ ቤት ነው። በዓል ሲቃረብ በአንዱ ጥግ ምጣድ ተጥዶ እንኩሮ ሲታመስ፣ በሌላው ጥግ ብቅል ሲሰጣ፣ በበሩ አጠገብ ደግሞ ውኃ የተሞሉ ጄሪካኖች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠላ የሚጀመረው በእህል ሳይሆን ውኃ በማጠራቀም ነውና።

የጥመቃው ሂደት ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ስም አለው፤ ስሞቹን የሚያውቅ ሰው ጥበቡን በግማሽ ያህል አውቋል ማለት ይቻላል። ብቅል የሚባለው ገብስ ወይም ስንዴ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት እስኪያጎነቁል ከቆየ በኋላ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚፈጨው እህል ነው። እህሉ ሲያጎነቁል በውስጡ ያከማቸውን ስታርች ለቡቃያው ምግብነት የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃል፤ ጠማቂዋ የምትፈልገው እነዚህን ኢንዛይሞች ሲሆን፣ ማድረቋም ቡቃያው ምግቡን በልቶ ሳይጨርስ ሥራውን ለማቆም ነው። ጥንስስ ማለት የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከጥቂት ብቅልና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚቆይበት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ቀጥሎ ለጠላው ተብሎ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ፣ ተጨማሪ ብቅልና የጌሾ እንጨት ታክሎበት ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻም እንኩሮው፣ ማለትም ውኃ እየተርከፈከፈበት በምጣድ ላይ እስኪጠቁር የታመሰው ዱቄት፣ ከብዙ ውኃ ጋር ይጨመርና የጋኑ አፍ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል።

ከዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አላስፈላጊ ነገር የለም። ጥሬ ስታርች በቀላሉ ለኢንዛይም አይገዛም፤ በእሳትና በውኃ ሲበስል ግን ያብጥና ይከፈታል፤ ቂጣው የሚጋገረውም ለዚህ ነው። የፋብሪካ ጠማቂ የብቅሉን ዱቄት በሞቀ ውኃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት፣ ይዞ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ስኳሩን ሲያወጣ፣ የጠላ ጠማቂ ይህን ሥራ ለቀናት ትበትነዋለች፤ ስታርቹ ቀስ እያለ ስኳር ሲሆን እርሾው በዚያው ፍጥነት ስኳሩን ይበላል። እንኩሮው ደግሞ የአየርላንድን ጥቁር ቢራ ጥቁር የሚያደርገውን የተቆላ ገብስ ሥራ ይሠራል፤ ቀለምን፣ የቡና መሰል ምሬትንና የዳቦ ቅርፊት ሽታን ያመጣል። ሰዎች ጥቁር ጠላና ነጭ ጠላ ብለው የሚለዩት በአመዛኙ በዚሁ በምጣዱ እሳት ነው።

የጌሾ ነገር ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ይገባዋል። ጌሾ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚባል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ቅጠሉም እንጨቱም ለጥመቃ ያገለግላል። በአውሮፓ ቢራ ውስጥ ተመሳሳዩን ቦታ የያዘው ሆፕ የተባለው ሐረግ አበባ ነው፤ ሁለቱም ምሬት ይሰጣሉ፣ ሁለቱም የማይፈለጉ ተሕዋስያንን ያዳክማሉ። ልዩነታቸው ያለው በአወሳሰዳቸው ነው። ሆፕ ምሬቱን የሚሰጠው ሲፈላ በመሆኑ የአውሮፓ ቢራ ያለ ፍልት አይታሰብም፤ ጌሾ ግን ያለ እሳት ቀን በቀን ምሬቱን ይለቃል፤ በዚህም የተነሣ የቅጠሉና የእንጨቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በጋኑ ውስጥ የቆየበት ጊዜም ጣዕሙን ይወስናል። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 «ሲኔት» በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የጠላን ተሕዋስያን የመረመሩ ሲሆን፣ መጠጡ የእርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የጋራ ሥራ መሆኑ ታውቋል። ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው። ስለዚህ ጠላ በዓለም የቢራ ቤተሰብ ውስጥ ወንድሞቹን ቢፈልግ የሚያገኛቸው በቢጫዎቹ የጠርሙስ ቢራዎች ዘንድ ሳይሆን፣ በአየር ላይ ባለ እርሾ ከሚጠመቀው የቤልጅጉ ላምቢክና ከበርሊኑ ኮምጣጣ የስንዴ ቢራ ዘንድ ነው። የአልኮል መጠኑ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

በአሜሪካ የተከሰተው ታሪክ እዚህ ላይ መጠቀሱ ይጠቅማል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ የቢራ ፋብሪካዎች ቁጥር ከ100 በታች ወርዶ፣ የሚሸጠው ቢራ ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነ ሄዶ ነበር። በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ እንኳ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ሕጉን ፈርመው እስኪያሻሽሉት ድረስ በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም ነበር። ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎቹ ቁጥር ከ9,000 በላይ ሆኗል። ለዚህ ለውጥ ብዙ ምክንያት ቢዘረዘርም፣ በቂ ትኩረት የማይሰጠው አንዱ ምክንያት የቃላት ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ማይክል ጃክሰን፣ ዘፋኙ ሳይሆን የስም ሞክሼው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው የዓለም ቢራዎች መጽሐፍ ቢራን በየአገሩና በየወገኑ ለይቶ፣ እያንዳንዱን በሽታው፣ በቀለሙና በአጨራረሱ ገለጸ። ጠጪዎች የሚጠጡትን ነገር በስሙ መጥራት ሲጀምሩ ልዩነቱን መጠየቅ ጀመሩ፤ ጠማቂዎችም ለጥያቄው መልስ ሆነው ተነሡ። አሜሪካኖች ጠፍቶባቸው በመጽሐፍ ያስመለሱት የቤት ጥመቃ በላፍቶና በጀሞ ለአንድ ቀን እንኳ ያልተቋረጠ መሆኑ፣ በአንጻሩ ደግሞ አሜሪካኖች በእጃቸው የገባው መጽሐፍ በዚህ አለመኖሩ፣ የጉዳዩ ቁልፍ ነው።

ቃላቱ የሉም ማለት ግን አይደለም። ከጋኑ አጠገብ የሚነገረው አማርኛ በሚገባ የተሳለ የቅምሻ ቋንቋ አለው። ጉሽ የሚባለው ገና ያልጠራ፣ ድፍድፉ ያልተለየው ጠላ ሲሆን፣ ለአንዳንዱ ጠጪ ከጠራው ይልቅ የሚመረጥ ነው። ፊልተር የሚባለው ተጣርቶ ጠንከር ያለው ነው። «ጌሾ በዝቶበታል» ማለት ምሬቱ ከእህሉ ጣዕም ቀድሞ ምላስ ላይ ይወጣል ማለት ሲሆን፣ «እንኩሮው አሯል» ማለት ደግሞ ቀለሙ ቢያምርም የቃጠሎ ጣዕም ጉሮሮ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ጠላ ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ አየር ሲያገኘው ግን ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል፤ ሁለቱ በቋንቋም በሳይንስም የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው የላክቲክ፣ ሁለተኛው የአሴቲክ አሲድ ሥራ ነውና። ቀማሽነትም ሥርዓት አለው። የምትቀዳው ሴት ለእንግዳ ከማቅረቧ በፊት ጥቂት በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ይህም በአንድ በኩል መጠጡ ከተንኮል የጸዳ መሆኑን ማረጋገጫ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የጥራት ቁጥጥር ነው። መዳፍ ቀለምና ሽታ ከሌለው ብርጭቆ ያልተናነሰ የቅምሻ ዕቃ መሆኑን በማይክል ጃክሰን መጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

እንግዲህ በክፍለ ከተማው የሚዞር አንድ ትጉህ ቀማሽ የቅምሻ ማስታወሻ ቢይዝ ምን ምን መጻፍ ይኖርበታል? በመጀመሪያ እህሉን ነው፤ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ የተለያየ ጠላ ይሰጣሉና። ኢትዮጵያ በገብስ ዝርያ ብዛት በዓለም ከሚታወቁት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ሩስያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ አገሪቱን ከጎበኘ በኋላ ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል መድቧታል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ በሽታ ተከላካይ ዘረ መል በኋላ ላይ የካሊፎርኒያን የገብስ ማሳዎች ቢጫ ድዋርፍ ከተባለው የቫይረስ በሽታ ለመጠበቅ አገልግሏል፤ የአሜሪካ ቢራ ጠጪ ለአርሲ ወይም ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ያልከፈለው ዕዳ አለበት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀጥሎ የሚጻፈው ውኃው ነው፤ የደቡብ አዲስ አበባ ሰፈሮች በከፊል የሚጠጡት ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳበውን ውኃ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር ውኃ በተለምዶ ከግድብ ውኃ የበለጠ ማዕድን ይይዛል፤ ማዕድን ደግሞ ምሬትን አጉልቶ ወይም አለዝቦ ያወጣል። ከዚያም ወቅቱ ይከተላል፤ በሐምሌ ብርድ ጥንስሱ ያንቀላፋል፣ በሚያዝያ ሙቀት ይጣደፋል። በመጨረሻም የትውልድ ስልቱ ይመጣል።

በስልት ረገድ ጠላ ብቻውን አይቆምም። ከጎንደር ወገን የሚመጡ ሰዎች አረፋው ገና ሳይበርድ፣ እየፈላ የሚጠጣውን ኮረፌን ያነሣሉ፤ የትግራይ ተወላጆች ስዋ ይላሉ፤ ከደቡብ የመጡት ያለ ጌሾ የሚዘጋጀውንና ለምግብነት የሚጠጋውን ቦርዴን፣ እንዲሁም በአንድ ሌሊት የሚደርሰውን ሻሜታን ያውቃሉ። ጌሾ ያልገባበት ቀሪቦ ከአልኮል ለሚርቁ ሰዎች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በሙስሊም ቤቶች ዘንድ በተለይ ይታወቃል። ከእነዚህ ውስጥ ቦርዴ እንደ መጠጥ ከመቆጠሩ ይልቅ እንደ ምሳ መቆጠሩ ሳይሻል አይቀርም፤ የጠገበ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

መካኒሳ ለክፍለ ከተማው መጠጥ ሌላ ገጽታ ይሰጠዋል። በዚህ ሰፈር የአልኮልና የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ሄኒከን የተከለው የቂሊንጦ ቢራ ፋብሪካ ዋልያ የተባለውን ቢራ ያመርታል። ቢራ ለረጅም ዓመታት በማስታወቂያ ከተማዋን ሸፍኖ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶ፣ የመሸጫ ዕድሜንም ወደ 21 ዓመት ከፍ አድርጓል። ይህ ሕግ ለጠላ ቤት የለወጠው ነገር ቢኖር ጥቂት ነው፤ ጠላ ቤት ድሮም ቢሆን ማስታወቂያው በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ አንድ ጣሳ ብቻ ነበርና። ይህ ምልክት በላፍቶ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዛሬም ያጋጥማል። የአውሮፓ መጠጥ ቤቶችም በጥንት ዘመን ጠላቸው መድረሱን በእንጨት ጫፍ ላይ ቅጠል አስረው ያስታውቁ እንደነበር ማወቅ ለንጽጽር ያህል ይጠቅማል።

የጋኑ ዕጣ ፈንታ ግን እንደ ጣሳው አልጸናም። ሸክላ ከባድ ነው፤ ሲሰበር አይጠገንም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማውጣቱም ሁለት ጎረምሳ ይጠይቃል። ስለዚህ በብዙ የጀሞ ቤቶች ቦታውን የፕላስቲክ በርሜል ወስዶታል። ፕላስቲክ ለመታጠብ ይመቻል፣ አያፈስም፣ ክዳኑም ከጭቃ ምርጊት ይልቅ አየር ይዘጋል። ሆኖም ሸክላ በላዩ ላይ በሚተንነው እርጥበት ጠላውን ያቀዘቅዘዋል፤ በቀዳዳዎቹም ውስጥ ያለፈውን ጥመቃ እርሾ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ የወይራውንም ጢስ ጠጥቶ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። በርሜል ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አያደርግም። ልዩነቱ በምላስ ይታወቃል የሚሉ ጠማቂዎች አሉ፤ በርሜሉን ያጠኑ ሰዎችም አይጠፉም፤ ዳሩ ግን ፕላስቲክ ጢስ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ከወይራ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ለጤናም አይመከርም። አንዳንድ ቤቶች ያገኙት መካከለኛ መፍትሔ ጥንስሱንና ድፍድፉን በትንሽ እንስራ ይዞ፣ በመጨረሻው ደረጃ ብቻ ወደ በርሜል ማዛወር ነው። የስኮትላንድ ዊስኪ አዘጋጆች ስለ በርሜላቸው እንጨት የሚጽፉትን ያህል ስለ ጋን የተጻፈ ነገር ቢኖር፣ ይህ ክርክር እስካሁን መልስ ባገኘ ነበር።

የእውቀቱ ባለቤቶች ሴቶች ናቸው፤ መለኪያቸውም እፍኝ፣ ጣሳና ዓይን ነው። ምን ያህል ጌሾ ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸው በእጃቸው ያሳያሉ፤ ጥንስሱ መድረሱን በሽታው፣ ድፍድፉ መብላላቱን ጆሮን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግቶ በማዳመጥ ይለያሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ሲበርድ ሥራው መገባደዱን ያውቃሉና። በፋብሪካ ውስጥ ለዚህ ተግባር የስኳር መለኪያና ቴርሞሜትር የተመደበለት ባለሙያ አለ።

የመካኒሳ ቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኞች በወሩ በ12ኛው ቀን በየተራ ሲሰባሰቡ፣ ማኅበሩ ስሙን ከጽዋው የወሰደ በመሆኑ፣ ተረኛዋ ቤት የምትመዘነው በጠላዋ ጭምር ነው። መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ነው፤ ለካህኑና ለሽማግሌዎች ይቀርባል። እሱ ሲያልቅ በዚያው ድፍድፍ ላይ ውኃ ይጨመርና ቅራሪ ይወጣል፤ ቅራሪ ቀጭን፣ ለልጆችም የሚሰጥ፣ ጥም የሚቆርጥ ሁለተኛ ጠላ ነው። እንግሊዞችም ከአንድ ብቅል ሁለት ጊዜ ቀድተው ሁለተኛውን «ትንሽ ቢራ» ይሉት ነበር። ቅራሪው ሲያልቅ በጋኑ የሚቀረው አተላ ነው። አተላው በባልዲ ተደርጎ በከተማው ዳር ላም ወደሚያረቡ ሰዎች ይሄዳል፤ በማግስቱም ጋኑ፣ ወይም በርሜሉ፣ ለግራዋ ተዘጋጅቶ ከኮሙናሉ ግድግዳ ሥር ተደፍቶ ይታያል።